መሪጌታ በቃላቸው የያዙት ላቲን

ሰኔ ፲፰፤ ከትምህርት በኋላ

ዛሬም የላቲን የስም እርባታ፤ ሦስተኛው። መሪጌታ ክንፉ አንድ ጊዜ ሰምተው መለሱልኝ። አንድም አልሳቱ። ተናደድሁ። እኔ ሮማ ላይ ይህችን ገጽ ለመያዝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ መዳፌ እስኪያብጥ ተገርፌባታለሁ። ዐረብኛ ምጽዋ ላይ ከነጋዴ ጋር ስከራከር ገባኝ። ጣልያንኛን ከወጥ ቤት ሠራተኞች ለመድሁት። ላቲን ግን ሌላ ነው። ማንም በሱ ልጁን አይቆጣም፤ ማንም በሱ ዱቄት አይበደርም። ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

እኒህ ሰው ዕውር ናቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደብሩ የቅኔ መምህር። ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ፈረንጆቹን ጓደኞቼን ሲያሳብዳቸው ነበር። መሪ. ግን «ታዲያ የት ሊቀመጥ ኖሯል?» አሉ። ቃል ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢያርፍ አይደነግጡም፤ ቅኔ አስለምዷቸዋል።

አንድ ነገር አልወደድሁም፤ ወረቀቴ ሆይ፤ ላንተ ብቻ እነግርሃለሁ። እኔ የማስተምራቸው በሮማ ሰዎች አነጋገር ነው። እሳቸው በሌላ ይመልሱልኛል። ረዥሙን ድምፅ ይጎትታሉ፤ መጨረሻውን በአጭር ይቆርጣሉ። እንዲህ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ዐውቃለሁ፤ ሉቃስ። ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።

ሰኔ ፳፪፤ እኩለ ቀን

ጉም ከጉና ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። አጥሩ አይታይም። ወደ ጓሮ ልወጣ ስል ከአጥሩ ማዶ ተጠራሁ። ፓውሉስ። ቆምሁ። ያ ሮማ ሳለሁ የወጣልኝ ስም ነው፤ በዚህ አገር ሚስቴ እንኳ አታውቀውም። ደግሞ ተጠራሁ። ከዚያ ላቲን፤ ፈጣን፤ እንደ ጸሎት። ከዚያ የሉቃስ ሳል፤ ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ። ሉቃስ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ተቀብሯል። መቃብሩን አጋም ውጦታል።

አጥሩን ዞርሁ። መሪ. ክንፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ጉሙ አቅንተው ይደግማሉ። ሳሉንም ጭምር። ተማሪ ከመምህሩ ሲቀበል እንደሚያደርገው፤ ምንም ሳያስቀሩ።

ወደ ቤት ተመለስሁ። ይህን መስመር እየው፤ ጠማማ ነው። እኔ ጠማማ መስመር አልጽፍም።

ሰኔ ፳፭

ጠየቅኋቸው። አልደበቁም። ሉቃስ በእግር ብረት ታስሮ የተቀመጠው በሳቸው ግቢ ነበር። ውኃ የሚሰጡት እሳቸው። በመጨረሻው ቀን እጃቸውን ይዞ ሲናገር ዋለ፤ ያንኑ እየደጋገመ። አማርኛው ጠፍቶበት ነበር። ቃሉን በጆሯቸው ተቀብለው ያዙት። ፍቺውን አያውቁም። ሳያውቁ መያዝ ለሳቸው ብርቅ አይደለም፤ ዳዊቱንም በልጅነታቸው እንዲሁ ነው የደገሙት፤ ንባቡ ቀድሞ፣ ፍቺው ከዓመታት በኋላ።

ይንገሩኝና ልፍታልዎ አልሁ። ድምፄ ለራሴም አላማረኝም። እምቢ አሉ።

«ንስሐ ቢሆንስ፣ የኔታ? የሰው ንስሐ ለሦስተኛ ሰው ይነገራል?»

የኔታ ይሉኛል። የአገሩ ተማሪ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው። ስለዚህ ቋንቋውን ራሳቸው ይማራሉ። ከጥር ጀምሮ የሚመላለሱት ለዚህ ኖሯል።

ሰኔ ፳፮

እንግዲህ ተቀበል፤ ወረቀት። ለሌላ የምለው አይደለም።

ሉቃስ ፈረንጅ ነው፤ ቄስ። ሮማ ላይ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ወንበር ተማርን። አገሬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የሮማ ሃይማኖት ተከታዮች ሲያዙ ደብዳቤ ተገኘበት፤ በላቲን የጻፈው። ዳኛው አስጠሩኝ። በአገሩ ላቲን የሚያነብ እኔ ብቻ። ደብዳቤው መድኃኒትና መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። እኔ ወታደር ላኩልኝ ይላል አልሁ። የኔም እግር ወደ ብረቱ እየቀረበ ነበር፤ ትርንጎን ገና ማግባቴ ነበር። ጮክ ብዬ፣ ሳልደናቀፍ አነበብሁ። ሉቃስ አየኝ። አማርኛ ይሰማል። ውሸት ነው ቢልስ ማን ሊያምነው? ደብዳቤው እስከ ዛሬ በዳኛው ሣጥን አለ።

ማን ሊያርመኝ? ሰባት ዓመት የሚፈጅ ቋንቋ እንደ ግንብ ነው፤ ከኋላው ተደብቄ ኖርሁ። አሁን አንድ ዕውር ሰው ግንቡን እየዳሰሰ በሩ ዘንድ ደርሷል።

ሐምሌ ፰

ቃል ይጠይቁኛል፤ ነጠላ ነጠላውን፤ እንዳይገባኝ ሆን ብለው እያዘበራረቁ። ትናንት «ማንበብ»። ዛሬ «ሚስት»፤ ደግሞ «መፍራት»። ከሄዱ በኋላ በተርታ አስቀምጣቸዋለሁ። የሰው አጥንት እንደ መልቀም ነው። አካል እየሆነ ነው።

ዛሬ ክፉ ሠራሁ። አንዱን ቃል በሐሰት ፈታሁላቸው። ዕድሜዬን የሰው ስሕተት ሳርም የኖርሁ ሰው! ፊቴ ነደደ።  ከዚያ ከሚያዝያ ጀምሮ ካስተማርኋቸው አራት ዐረፍተ ነገር በቃላቸው አወጡልኝ። ቃሉ ያለባቸው ናቸው፤ በአራቱም ዛሬ ያልሁትን አይልም።

«አንቱ ደክመዋል፣ የኔታ። ነገ እንቀጥል።»

ያ ትሕትና ከጥፊ ይብሳል።

ሐምሌ ፲፬

ትርንጎ ከአንበሳሜ ገበያ እየሳቀች ገባች። መሪ. መንገድ ላይ በፈረንጅ አፍ ሰላም ብለዋታል።

«ምነው አንቱ፣ ዕውሩ በስድስት ወር የያዙትን፣ ሰባት ዓመት ምን ሲያደርጉበት ከረሙ? ወይን ሲጠጡ?»

ሌላ ጊዜ ብትል እስቅ ነበር። ጮኽሁባት። ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ያ ሰው ከሞተ ወዲህ እኮ እንዲህ ነዎት አለችኝ። ምን ታውቃለች? ምንም። ምንም እንደማታውቅ ማመን እፈልጋለሁ።

ከገሳይ ማዶ ወንድሜ ዘንድ ልሂድ ብዬ በቅሎ አስጫንሁ። ከዚያ አራገፍሁ። መሪ. እኔ ባልኖርም ይደርሱበታል።

ነሐሴ ፱

መሪ. ለፍልሰታ ሱባዔ ገብተዋል። ትምህርት የለም። ሰላም ይሆናል ብዬ ነበር። ጉሙ ዛሬም ወረደ፤ ቃሉም መጣ። ፓውሉስ። አጥሩን ዞርሁ፤ ድንጋዩ ላይ ሰው የለም። ቃሉ ግን አልቆመም። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ የሚናገረው የኔው አፍ ነው። ከንፈሬን በእጄ ያዝሁት። ሳሉም ከኔ ወጣ። ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ።

ነሐሴ ፲፯፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት

መጡ። ሳይቀመጡ ተፈታልኝ አሉ። ንስሐ አይደለም፤ መልእክት ነው። ሉቃስ በትኩሳቱ የያዘው እጅ የሌላ ሰው መስሎት ኖሯል። ስለዚህ የተቀበሉት የራሳቸው አይደለም። ለባለቤቱ ማስረከብ አለባቸው።

«ፓውሉስ የሚባል ሰው ያውቃሉ፣ የኔታ?»

አላውቅም አልሁ። ወዲያው፤ ሳልደናቀፍ። ልክ ዳኛው ፊት እንዳነበብሁት።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በአገሩ ላቲን አንባቢ ማን እንደ ሆነ አጥተውት ነው? አላጡትም። እንግዲያ ቤቴ ሆኜ እጠብቀዋለሁ ብለው ወጡ። የኔታ ሳይሉኝ።

ያው ቀን፤ ዘጠኝ ሰዓት

ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እኔ ነኝ አልሁ።  አስቀመጡኝ። ሉቃስ የሳቸውን እንደያዘው እጄን ያዙት። እጃቸው ሞቅ ያለ ነው፤ እንደ ትኩሳታም። ከዚያ ሉቃስ በሳቸው አፍ ተናገረኝ፤ በቀን ብርሃን፣ በሚጎትተው አነጋገሩ። የተነገረኝን እነሆ በአማርኛ፤ ምንም አልጨመርሁም፤ ምንም አላጎደልሁም።

ፓውሉስ፤ ስለ ሚስትህ እንደ ፈራህ ዐውቃለሁ። አልጠላሁህም። ደብዳቤዬን ግን አንድ ጊዜ በትክክል አንብብልኝ። ካንተ በቀር የሚያነብልኝ የለም።

ሦስት ጊዜ። ከዚያ እጄ ተለቀቀ። ድምፁም የመሪጌታ ሆነ።

«ተረከብህ?»

አንተ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ተረከብሁ» አልሁ።

ነሐሴ ፲፰፤ ጧት

ዳኛው ዛሬ ይቀመጣሉ። የሐሰት ምስክር ምን እንደሚጠብቀው ዐውቃለሁ፤ ያው ብረት ነው። ለትርንጎ ሁሉን ነገርኋት። አላለቀሰችም።  ከዚያ ጋቢዬን አምጥታ አለበሰችኝ፤ ችሎቱ ብርድ ነው አለች።

ሣጥኑ ይከፈት እላለሁ። ደብዳቤውን አነባለሁ፤ መጀመሪያ በላቲን፣ ከዚያ በአማርኛ። መሪጌታ ክንፉ አጠገቤ ይቆማሉ። ብሳሳት ያርሙኛል።