ያላነበብኩላት ወረቀት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

እትዬ፣ እማዬ «ባለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ እኔ ደህና ነኝ በያት» ብላ አስጽፋኛለች። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም እንጂ ደህና አይደለችም። የምትሠራበት ሱፐርማርኬት የብረት መዝጊያ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወርዶባት ቀኝ እጇ ተሰብሯል።

ሥራ አስኪያጁ ቤት ድረስ ወረቀት ይዞ መጣ። «አንብቢልኝ» ስትለኝ ሰውዬው ቆሞ ሲያየኝ አፍሬ ላይ ላዩን ብቻ አየሁት። መጀመሪያው ላይ «እግዜር ይማርዎት» ስለሚል «ይማርዎት ነው የሚለው» አልኳት። በግራ አውራ ጣቷ ፈረመች። ለካ ታች «ክስ አላቀርብም» ይላል።

ጎረቤታችን ጠበቃው «እንዳልተነበበላት የሚመሰክር ካለ ወረቀቱን ለማስፈረስ እንሞክራለን፤ ካሳም እንጠይቃለን» አለኝ። እማዬ ግን «ተይው፣ ከሰው አታጣይኝ» ትላለች። በራሴ ተናድጃለሁ።

«በርቺልኝ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ» ብላሻለች። እኔም ነገ የሕክምና ወረቀቷን ይዤ ጠበቃው ጋ እሄዳለሁ፤ ያላነበብኩላት እኔ መሆኔን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።