ሁለት ቤት ያላቸው በጎች

ሰኞ
ጋሽ ደምሴን ሰረዝኳቸው። ራሳቸው ቢሮ መጥተው፣ «ልጄ፣ ስብሰባችሁ ጉልበቴን ጨረሰው፣ ከማኅበሩ አውጪኝ» ብለው ነው። ሳቅን። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ አለቀ። ለበግ አርቢዎች ማኅበራችን የሠራሁት ፕሮግራም አሁን እያማረበት ነው። የተጠቀምኩት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ እኔ ስለ በግና ስለ ሰው እጽፋለሁ፣ እሱ ወደ ዳታቤዝ ሰንጠረዥ ይገለብጥልኛል።

ማክሰኞ
እናቴ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ሁለት እናት በጎቿ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ለርቢ ናቸው፦ በጎቹ የእሷ፣ ማርባቱ የእሳቸው፣ ግልገሉ እኩል። የወንድሜ ክርስትና አባት፣ የእሷ አበልጅ ናቸውና ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ለእነሱ ማስጠቂያ የማኅበሩን አውራ በግ በውሰት ልትጠይቅ ብትሄድ፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አይታ «ጋሽ ደምሴ ቤት የተመዘገበ በግ የለም» አለቻት።
«ሸጠዋቸው ነዋ ከማኅበር የወጡት!» አለች እናቴ።
ተይ እንጂ አልኳት። ነገ አያለሁ።

ረቡዕ
ስህተቱን አገኘሁት። እያንዳንዱ በግ አንድ ባለቤት አለው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ባለቤት ያልኩት ደግሞ በጉ የሚያድርበትን ቤት ነው። ከሥሩ፣ ባለቤቱ ሲሰረዝ የእሱ የሆነው ሁሉ አብሮ ይሰረዝ የምትል አንዲት መስመር። ሶፍትዌሩ ያልኩትን ነው ያደረገው። በርቢ በግ ያደግሁ ልጅ!
የተሠራ፦
– በጎቹ ከመጠባበቂያ ቅጂ ተመለሱ
– ባለቤትና አርቢ ለየብቻ ሆኑ
– ያቺ መስመር ወጣች
የሶፍትዌሩ ተጠቃሚዎች መድረክ ላይ ምክር ብጠይቅ፣ አንድ የውጭ ሰው «አንድ በግ እንዴት ሁለት ቤት ይኖረዋል?» ብሎ መለሰልኝ። ሳቄ መጣ።
ለእናቴ ስነግራት ግን ክው አለች። ጠዋት ጋሽ ደምሴን መንገድ ላይ አግኝታቸው ሰላም ሳትላቸው አልፋለች።

ሐሙስ
የእናቴ ጥርጣሬ ጋሽ ደምሴ ጆሮ ደርሷል። ሁለቱን በጎች እየነዱ መጥተው ደጃፋችን ላይ አቆሙ። «አበልጄ፣ በጎችሽ እነዚሁልሽ። ተጠርጥሬ አላረባም።» ተመለሱ። ተከትዬ ሮጬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው።
«አንቺማ ማሽንሽን አምነሽ ነው። እሷ ግን እኔን ታውቀኛለች» አሉኝ።
እውነታቸውን ነው። ኮድ መክፈት አስጠላኝ። ሰንጠረዡን በአንድ ትእዛዝ መለስኩት፣ ይኼን ግን በምን እመልሰዋለሁ?

ዓርብ
እናቴ በማለዳ በጎቹን አስነሥታ «ነይ» አለችኝ። ጋሽ ደምሴ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና ጫንቃዋ ላይ አደረገች። እኔም አነሣሁ። ትልቁን መርጬ።
«አበልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ» አለች። አለቀስኩ።
ጋሽ ደምሴ ቆመው አዩን። በጎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ በረቱ ገቡ። ኋላ ቀርበው፣ «እግዜር ይማርሽ» ብለው ድንጋዩን ከእናቴ ጫንቃ አወረዱ።
ወደ እኔ ዞሩ።
«አንቺ ትንሽ ያዢው።»
ይቀልዱ ይቆጡ ከፊታቸው አይታወቅም። ያዝኩት።