ቤቱን ሸጬ እንሰትሽን ይዤ ወጣሁ

ለውዷ አስቴርዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ ነው። ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ ይቅር፣ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ የለም። እሱም ቢሆን ከኋላው ወንበር ከምንቀመጠው መሃል ነው። ብቻ ባልሽ ፊደል ቆጠረ። ያን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ያነበብሽልኝ አንቺ፣ ይህን አለማየትሽ ይቆጨኛል።

አሁን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። ቤቱን ለቅቄያለሁ።

መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር ሻይ ቤታችን ፊት የሚቆም መኪና መጥፋቱን አንቺም አይተሻል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አላየሽም። የፊት ለፊቱን ክፍሎች የሠራንበትን የባንክ ብድር መክፈል አቃተኝ። የባንኩ ገማች መጣና ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጣራውን ቀና ብሎ አየ። በኋላም ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ዕዳውን እንደማይሸፍን ነገረኝ። መናኸሪያ የሌለው ሻይ ቤት ማን ይገዛል? እኔም እንደ ልማዴ፣ እንግዲያው ዕዳውን ሽጡትና ቤቱን ተዉልኝ አልኩት። ልጁ አልሳቀም።

ለሐራጅ ከማውጣታቸው በፊት ራሴ ገዢ እንዳመጣ ፈቀዱልኝ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ተገኘ። ገንዘቡ እንዳለ ባንክ ገባ፣ የተረፈው ዕዳ ከእኔ ጋር መጣ። ስንበደር አንቺ እያነበብሽልኝ በአውራ ጣቴ ነበር የፈረምኩት። ሽያጩ ላይ ግን ስሜን ጻፍኩ። ከክፍል ውጭ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ «ሬ»ዋ ብቻ ከመስመር ወጣች።

ስለ አግዳሚ ወንበሮቹና ስለ ብርጭቆው ብዙም አልከፋኝም። የከፋኝ ጓሮው ነው። በውሉ መሠረት ጓሮ ያለው ሁሉ የገዢው ነው። እዚያ ደግሞ ከመታመምሽ በፊት የተከልሻት እንሰት አለች፣ የብርጭቆ እጣቢ እየደፋሽ ያሳደግሻት። ገና ጉልበቴ ሳትደርስ ከአውቶቡስ ትበልጣለች እያልኩ ለመንገደኛ ስዋሽ በፎጣ ትመቺኝ ነበር። ከዚያ ግቢ እሷን ካላወጣሁ ምንሽንም ይዤ አልወጣሁም።

የነጋዴው ሚስት በቅርቡ ከሰሜን የመጣች ደግ ሴት ናት፤ እንሰት አይታ አታውቅም። ተመላልሼ ለመንኳት። በመጨረሻ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ፍሬ ለማይሰጥ ሙዝ ይህን ያህል ልመና? ይውሰዱት።»

ሙዝ አይደለችም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምን እንደሆነች፣ ማን እንደተከላት ልነግራት ነው። ድምፄ እዚያ ድረስ እንደማያደርሰኝ አወቅሁ። «አዎ፣ ሰነፍ ሙዝ ናት» አልኩና መቆፈር ጀመርኩ። ሥሯን ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ጫንኳት። ሹፌሩ ሌላው ዕቃህስ ሲለኝ፣ ሌላው ዕዳ ነው፣ እሱ አይከብድም አልኩት።

አሁን ዋጫ ከተማ ነኝ፣ ወንድምሽ በሰጠኝ ክፍል። ቀን ቀን የቡና መጋዘን እጠብቃለሁ፤ ከደመወዜ ለባንኩ እየተቆረጠ ነው። ወንድምሽ ደግ ሰው ነው፣ ግን ታውቂው የለ፣ ከሰላምታ በኋላ ወሬው ያልቃል። ትዝ ይልሻል ሻይ ቤቱ ሞልቶ መቀመጫ ሲጠፋ፣ የጅማው መኪና ሊወጣ ነው ብዬ ስጮህ? ሰዉ ሻዩን ጨልጦ ሲሮጥ አንቺ በር ላይ ቆመሽ፣ «ውሸቱን ነው፣ ተመለሱ» ትዪ ነበር። እዚህ ስዋሽ የሚያርመኝ የለም። ቀልዴን እጨርስና እንደ ድሮው ወደ ጎን ዞር እላለሁ። ግድግዳ ነው።

እንሰትሽን ከክፍሌ በር ፊት ተከልኳት። የዚህ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ቅጠሏን ሳልከረክም መትከሌን አይተው ሳቁብኝ፤ ጓሮ ያንቺ እንጂ የእኔ እንዳልነበር ወዲያው ገባቸው። ከርክመው እንደገና አስተከሉኝ። አሁን ከመሃሏ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ያለ አዲስ ቅጠል ብቅ አድርጋለች። ጠዋት ጠዋት የብርጭቆዬን እጣቢ እየደፋሁላት ስምሽን እጠራለሁ። እጄ ብርጭቆ ማንሳት እስከቻለ ድረስ ይህን አልተውም። ከተረሳሽ እኔም አብሬሽ ተረስቻለሁ ማለት ነው።

አስቴርዬ፣ በር ላይ የሚቆም ስለሌለ እኔው ልበለው። «ውሸቱን ነው፣ ተመለሱ።» ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ የቅጠሏን ነገር ግን ፈጥሬው ነው። ገና አላወጣችም።

ያንቺው፣
ገብሬ