ከክኒኑ ጋር የመጣችው ወረቀት

ኢስፋራ፣ ኦገስት 24 ቀን 2019

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት ለሳድባርግ አባት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሥራ ጓንትዎን ያውልቁ፣ ሻይ ይቅዱ፣ ቁጭ ይበሉ። በቁም የሚነበብ አይደለም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናትዎ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ምላሳቸው ጤነኛ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ለዶሮዎቹ ውሃ አላደረግሽም ብለው ጎረቤት እስኪሰማ ተቆጥተውኛል። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ እንደ እናትዎ እልኸኛ ናት።

የሳድባርግ ውጤት ትናንት ወጣ። በስልክ ልነግርዎት ነበር፣ ተውኩት። ስልኩ ሁልጊዜ እናትዎ ጆሮ ሥር ነው፤ እርስዎም ዘንድ አጠገብዎ ማን እንዳለ አላውቅም። ደግሞ ነገሩ ሲረዝም "ኔትወርኩ ተበላሸ" ይሉኛል። ወረቀት ኔትወርክ የለውም። አያ ሙህሲን ሰኞ ወደ ሩሲያ፣ ወደ የካተሪንበርግ ስለሚመለስ በእጁ ይሰጥዎታል፤ እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ። ውጤቱን በቦታው እነግርዎታለሁና ወደ መጨረሻው እንዳይዘሉ።

የልጅዎ ፊት እንዴት ሆኖ እንደነበር እርስዎ አላዩም፤ በቪዲዮ ሲደውሉ ትሸሽ ነበር። በብርዱ ወራት አገጯንና ጉንጯን ብጉር ወረረው። ተራ ብጉር እንዳይመስልዎት፤ ሽምብራ የሚያህል፣ መግል የቋጠረ፣ ሲነኩት የሚያስለቅስ። ሻሿን እስከ ዓይኗ ትጠቀልል ጀመር። በፌብሩዋሪ ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች። "የሕክምና ኮሌጁን ፈተና አልቀመጥም፤ በር ላይ ፊታችሁን ግለጡ ይሉናል፣ እኔ ይህን ፊት ለሰው አላሳይም" አለች። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አሻንጉሊት መርፌ ስትወጋ ያደገች ልጅ! እናትዎ ደግሞ፣ "ተያት፣ ቤት ተቀምጣ ጥልፍ ትማር። ኮሌጅ ገብታ ማንን ልታስደነግጥ ነው?" አሏት፣ እሷው ፊት። ያን ዕለት ልጄ እራት አልበላችም።

በማርች መጨረሻ ለእርስዎ ነገርኩ። እርስዎም አልዘገዩም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ክኒንና ቅባት ላኩ። አላህ ይስጥዎት፣ ይህን አልክድም። ከክኒኑ ጋር ግን አንዲት ወረቀት ነበረች። በአራት የታጠፈች፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች፣ መስመሯ እንደ ማበጠሪያ የተስተካከለ። የእርስዎን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የጫረው ነው። ያ ግን የሴት እጅ ነው። "የኔ ውድ ሳድባርግ" ብሎ ይጀምራል። ብጠይቅዎ "የፋርማሲ ሠራተኛዋ ናት የጻፈችው" አሉኝ። የፋርማሲ ሠራተኛ፣ አይታት ለማታውቅ ልጅ፣ የኔ ውድ!

ሌላ ነገር አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም። ወረቀቷን ግን ከዚያች ከመጀመሪያዋ መስመር ሳላልፍ አጥፌ የልብስ ስፌት ሣጥኔ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ከተትኳት። ክኒን መዋጥ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል አልኩ። እኔ ልጄን ማሳደግ ከማንም አልማርም አልኩ። ኩራት ያዘኝ፣ የሳድባርግ አባት። ያ ኩራት እኔን ብቻ ቢጎዳ ባልከፋኝ።

ካርቶኑ ላይ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይላል፤ እሱን ነገርኳት። እሷም ሊያሽላት ነው ብላ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፣ ለፈተናውም ማጥናት ጀመረች። እናትዎ "መድኃኒት ሆድ ያቃጥላል፣ ወተት ያብርደው" ስላሉ ጠዋት ጠዋት በዚያ በቅቤና በጨው በምናፈላው የወተት ሻይ ትውጠዋለች። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ! እኔው ራሴ ነኝ የምቀዳላት፣ ቅቤውንም እጨምርላት ነበር። ማታ ደግሞ መጽሐፏን ታቅፋ ትጋደምና በምራቋ ትውጠዋለች። እናትዎም ከመሀል ሁለት ክኒን አንሥተው ለጉልበታቸው ውጠዋል። ብይዛቸው "የሩሲያ መድኃኒት ለሁሉም ይሆናል" አሉኝ።

ስድስት ሳምንት ሆነ፤ ብጉሩ ወይ ፍንክች። ከዚያ ጁን ገባና አፕሪኮቱ ደረሰ። ያውቁታል፣ በዚያ ወር ማንም አይቀመጥም። ሳድባርግ ከእኔ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥታ ፍሬውን ስትሰነጥቅና ስታሰጣ ሦስት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዋና የእጇ ጀርባ ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። ሁላችንም እዚያው ጣሪያ ላይ ነበርን፣ ሌላ የተቃጠለ ሰው የለም። እትዬ ሆሲያት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ "ሳኖባር፣ ልጅሽን ፀሐይ ነው ያገኛት ወይስ ከዳቦው ጋር ታንዱር ምድጃ ውስጥ ለጥፈሻት ነበር?" አለችኝ። "የእኔዋ ብትቃጠልም አንባቢ ናት፣ የአንቺዋስ?" አልኳት። አፌ መለሰላት፣ እጄ ግን ልጅቷን ወደ ጥላ ይጎትት ነበር።

ለፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ዳቦ መዋጥ አቃታት። "እማ፣ እዚህ ጋ ፍም ተቀምጧል" አለችኝ ደረቷን ይዛ። ውሃ ስትጠጣ እንኳ ዓይኗ እንባ ያቀራል። እናትዎ "ቡዳ ነው" ብለው የእስፓንድ ቅጠል አጨሱባት፤ ጢሱ ጭራሽ አሳላት፣ ሳሉ ጉሮሮዋን ቀደዳት። ልጅቷ ጥግ ይዛ "እኔ ላይ ለምን ሁሉም ነገር ይበላሻል?" ብላ ስታለቅስ፣ እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ሣጥኔ ውስጥ ነው ያለው።

ክሮቹን ገለባብጬ ወረቀቷን አወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ ያቺ የስምንተኛ ክፍል ሩሲያኛዬ ዝጋለች እንጂ አልሞተችም። በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ዋጪ ይላል። ከዋጥሽ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዳትጋደሚ። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ በአጠገቡ አይድረስ፤ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ፀሐይ ላይ አትዋዪ፣ ከወጣሽም ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይኑርሽ፣ ይህ ክኒን ቆዳን ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል ይላል። ታች ደግሞ፣ "መዋጥ ካመመሽ ክኒኑን አቁሚና ደውዪልኝ።" ቁጥር አለ። ስም የለም።

አንድም ሳይቀር ሁሉንም አፍርሼዋለሁ። እሷን አልታዘዝም ብዬ።

እናትዎ ለሶላት እስኪነሡ ጠብቄ ስልኩን ይዤ ወደ ላሚቱ ቤት ገባሁና ደወልኩ።

"አሎ?" አለች።

"የሳድባርግ እናት ነኝ" አልኩ። አዘጋጅቼ የገባሁት ሩሲያኛ እሱ ብቻ ነበር።

ከኋላዬ ላሚቱ ታመሰኳለች። ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን ሆነች?" አለች። ምን ፈለግሽ አላለችም፣ ለምን ደወልሽ አላለችም። ምን ሆነች ነው ያለችው።

"መዋጥ አቃታት። ደረቷን ያቃጥላታል።"

"ውሃ ይወርድላታል?"

"በጭንቅ።"

"ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጠው?"

"በወተት።"

"በወተት?!" ብላ ጮኸች። "ሁለቴ አስምሬበት! ማታስ ውጣ ወዲያው ትተኛለች?"

"ተኝታ ነው የምትውጠው።"

"ወረቀቱን አላነበባችሁትም እንዴ?"

መዋሸት እችል ነበር። አልደረሰንም ማለት፣ ሾፌሩ ጣለው ማለት እችል ነበር። ግን ልጄ ማዶ ክፍል ውስጥ ውሃ እየዋጠች ታለቅሳለች። "እኔ ነኝ የደበቅኩት" አልኳት።

"እኔም ብሆን እደብቀው ነበር" አለች።

ከዚያ በኋላ እንደ አለቃ አዘዘችኝ። "ክኒኑ ዛሬውኑ ይቁም። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ውሃ ጭራሽ እንቢ ካላት ግን እስከ ነገ አትጠብቂ። ትኩስ ነገር፣ ደረቅ ዳቦ አትስጪያት፤ የበረደ ሾርባ ብቻ። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት! ልጅ ወልጄ ያሳደግኩ ሴትዮ፣ ላም ቤት ውስጥ ቆሜ፣ እንደ ተማሪ ደገምኩላት። አላፈርኩም። እርስዎም እንዳያፍሩብኝ። በሕይወቴ የኮራሁበት ነገር ቢቆጠር ያቺ ስልክ አንዷ ናት።

ጤና ጣቢያ ያለችው ዶክተር ዙላይሆም ያንኑ ነው ያለችው። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አቁስሏታል። ወተቱም የክኒኑን ኃይል ይበላዋል፣ ያ ሁሉ ሳምንት በከንቱ ነው ያለፈው። እናትዎም ጉልበታቸውን ሊያሳዩ ተከትለውን መጥተው ስለነበር ተያዙ፤ "እናቴ፣ ይህ የብጉር መድኃኒት ነው፣ የጉልበት አይደለም። እንዲህ እየተቆነጠረ የሚበላ ክኒን አንድ ቀን የምር ስንፈልገው እንቢ ይለናል" አለቻቸው። እናትዎ መንገዱን ሙሉ "የዛሬ ልጅ ሐኪም ሆና ትቆጣለች" ሲሉ መጡ። ከዚያ ወዲህ ግን አልነኩም።

በስድስተኛው ቀን ዳቦ ዋጠች። ዶክተሯ መድኃኒቱን በሌላ ዓይነት ቀየረችላት፤ ከሦስት ወር እንዳያልፍ፣ መሀል ላይም እንዳይቋረጥ ብላ። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ሆዷን ያገላብጣት ነበር። ልጅዎን ግን ቢያዩ! ትንሽ ዳቦ ትቀምሳለች፣ ክኒኑን በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ታወርዳለች፣ ከዚያ ያንን እርስዎ ትተውት የሄዱትን የገለባ ባርኔጣ ደፍታ የልብን ክፍሎች ጮክ ብላ እየቆጠረች ግቢውን ግማሽ ሰዓት ትዞራለች። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያወቁት ይመስለኛል።

ስለ ወረቀቷም ነገርኳት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ምላስ ይከብዳል፤ ግን ጠየቅኩ። "ለምን ደበቅሽው እማ?" አለችኝ። "መነጽሬን አጥቼው ነው" አልኳት። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። አየችኝ፣ አየችኝና፣ "እሺ" አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የማይጠየቀውን ታውቃለች። ከዚያ ወረቀቷን ወስዳ ባዮሎጂ መጽሐፏ ውስጥ አስቀመጠቻት።

የፈተናው ዕለት አብሬያት ኹጃንድ ከተማ ሄድኩ። ብጉሩ ገና አልጠፋም፣ አፍንጫዋ እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣል። በሩ ጋ ስንደርስ ማንም ሳያዛት ሻሿን ከፊቷ ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ፈታሹ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ "ይህቺ አንቺ ነሽ?" አላት። "ፎቶው ከብጉሩ በፊት ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ያው ነው" አለችው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ ፈታሹም ሳቀ፣ እሷ ቀና ብላ ገባች። እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ያ ለቅሶ የሐዘን አልነበረም።

አሁን ይስሙ። አልፋለች! ከመንደራችን ከተፈተኑት ዘጠኝ ልጆች አንደኛ ወጣች። የመረጠችውም ፋርማሲ ነው። ነርስነት ነበር የምትለው፣ መቼ እንደቀየረችው ለእኔም አልነገረችኝ። እናትዎ ከትናንት ጀምሮ ለመንደሩ ሁሉ "እኔ ነኝ ተማሪ ያልኳት" እያሉ ነው። እትዬ ሆሲያትም ዳቦ ይዛ መጥታ፣ "ያቺ የተቃጠለችው ልጅሽ ብስል ሆና ወጣች" አለችኝ። ዳቦውን ተቀብዬ ሻይ ቀዳሁላት።

ሴፕቴምበር አንድ ትምህርት ይጀመራል። አራት ዓመት ሆነዎት፤ መምጣት ከቻሉ በርዎ ክፍት ነው፣ ካልቻሉም እኔ እሸኛታለሁ። አንገቴን ደፍቼ አይደለም የምሸኛት።

አንድ ነገር ግን ቅር አይበልዎት፦ ውጤቱን ከእርስዎ በፊት ለዚያች ሴት ነገርኳት። ትናንት ደወልኩላት። መጀመሪያ መስማት ይገባት ነበር። "ፋርማሲ?" አለችና አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ከበስተኋላዋ ትንሽ ልጅ ሲያስል ሰማሁ፣ ወንድ ልጅ መሰለኝ። ደረቅ ሳል ነው። ለጉንፋን ሳል ክኒን እንደማይሰጥ እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ብቻ ከአያ ሙህሲን ጋር ከላክሁት የደረቀ አፕሪኮት ጥቂቱን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉና ውሃውን ለብ ሲል አጠጡት። ለሳድባርግም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

አላህ ያሉበትን ቤት፣ ከነሰዎቹ፣ ከብርድና ከክፉ ይጠብቅልዎት። ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለልጆችዎ ዱዓ ላደርግ ተቀመጥኩና የሳድባርግን ስም ጠርቼ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ዱዓ ስም ይፈልጋል። የትንሹን ስም ጽፈው ይላኩልኝ።

የሳድባርግ እናት፣
ሳኖባር