ጊታሬን በዱንጉዛ ለጠቀለለልኝ ኮሚቴ

ለከተማችን የበዓል መድረክ አጽዳቂ ኮሚቴ
ወላይታ ሶዶ

የተከበራችሁ ሰብሳቢና አባላት፣

ጤናችሁ እንደ ማህተማችሁ ቀለም ሳይደበዝዝ፣ ወንበራችሁም ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በወላይትኛ የሮክ ዘፈን እየጻፍኩ የምዘፍነው ኢሳይያስ ወልደመስቀል፣ ከአስራ አንድ ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ ባለፈው የዘመን መለወጫችን በጊፋታ መድረካችሁ ላይ ስላቆማችሁኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነስቻለሁ። ምስጋናው ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

1. እኔ በቤሌ ከተማ ሰርጎችና በትምህርት ቤት አዳራሾች ስጮህ፣ እናንተ ማመልከቻዬን በየዓመቱ «ሮክ ባህላችን አይደለም» እያላችሁ ስትመልሱ፣ አንድም ቀን ዘፈኔን ለመስማት ስላልደከማችሁ አመሰግናለሁ። ጆሯችሁ ምንም ሳይነካው ለዛሬ ደርሷል።

2. በመጨረሻ ስትፈቅዱልኝ፣ ጊታሬ «ባህላዊ ገጽታ እንዲኖረው» በዱንጉዛ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም ሳይሰካ እንዲቀርብ አዝዛችኋል። አባቶቻችን ለክብር የሚለብሱትን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ለአፈና ማዋል ከእናንተ በፊት ለማንም አልታየውም ነበር።

3. ድምፄ ሻካራ ነው ብላችሁ ዘፈኔን በሌላ ሰው አስቀርጻችሁ እኔ ከንፈሬን ብቻ እንዳንቀሳቅስ ስለጠየቃችሁኝ፣ ቅጂውንም ቀድሜ እንድሰማ ስላላስቸገራችሁኝ ጉሮሮዬ ያመሰግናችኋል። እኔም እሺ አልኩ። ከሁሉም በላይ የሚያስጠላኝ ይኸው እሺታዬ ነው።

4. ዘፈኑ ስለ ሟች እናቴ ስለ አያልነሽ ነው፤ በሁምቦ ተራራ ላይ ለተተከሉ ችግኞች በጀሪካን ውሃ ስታመላልስ ስለኖረች ሴት። ስሟ የሚጠራው በመጨረሻው ስንኝ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ሥራዬን ጩኸት ነው ብለው በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም። በዚያን ዕለት ግን ስሟ አለበት ስላልኳቸው ብቻ ከሁምቦ ገጠር በጋሪ፣ ከዚያም በሚኒባስ መጥተው፣ ከፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁ። እናንተ ያንን ስንኝ አውጥታችሁ ለኮሚቴው ምስጋና አስገብታችሁበት ኖሯል። ከንፈሬ አያልነሽ ሲል ድምፅ ማጉያው እናንተን አመሰገነ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እናንተም ብድግ ብላችሁ እጅ ነሳችሁ።

አባቴ አላጨበጨቡም። ከመድረኩ ስወርድ የእናትህን ስም የት ጣልከው ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እስከ ዛሬ አላናገሩኝም።

ስለዚህ ዳግመኛ ፈቃድ እንደማልጠይቃችሁ በታላቅ ትሕትና እያሳወቅሁ፣ በመጪው ቅዳሜ ሁምቦ ውስጥ በአባቴ ደጃፍ፣ ጊታሬን ጄኔሬተር ላይ ሰክቼ ያንኑ ዘፈን በሻካራው ድምፄ እስከ መጨረሻው ስንኝ እዘፍነዋለሁ። በሩን መክፈት አለመክፈት የእሳቸው ፈንታ ነው።

ውለታችሁን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳው፣
ለአንድ ከሰዓት በኋላ የከንፈር ሠራተኛችሁ የነበረው
ኢሳይያስ ወልደመስቀል

ማሳሰቢያ፦ ዱንጉዛውን አጥቤና አጣጥፌ በቢሯችሁ በር ላይ ትቼላችኋለሁ። ለሚቀጥለው ዘፋኝ ጊታሩን በመጠቅለል ከምትደክሙ በቀጥታ አፉ ላይ እሰሩለት።