የልብ ወለዱን መጨረሻ ከጠረጴዛ ሥር ለሚያስቀምጠው ገበያ ሊቀ መንበር

ለክቡር የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው ወይ? ስለ ዓይንዎ ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቢሮዎ መስኮት ሥር በጠራራ ፀሐይ የሚሠራውን ሥራ እስካሁን አለማየትዎ ስላሳሰበኝ ነው።

እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፍሬንና ነዳጅ ከሚያምታቱ ሰዎች ጎን ተቀምጬ "አይዞህ፣ ቀስ በል" ስል ስለምውል ትዕግሥት ሙያዬ ነው። ይህን የምነግርዎ በትንሽ በትልቁ የምገነፍል ሰው እንዳልሆንኩ እንዲያውቁልኝ ነው። ገበያዎን ግን ተጸይፌዋለሁ። ቃሉን አለዝቤ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ዓይኗ ስለ ደከመ መጽሐፍ የማነብላት እኔ ነኝ። በልጅነቷ ከታላቅ እህቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው እየተቀባበሉ ያነበቡት፣ እሷ ሳትጨርሰው ግን ባለቤቱ መጥቶ የወሰደው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። መጽሐፉ ስለ ሁለት የተጣሉ እህትማማቾች ነው። እናቴም ከዚያችው እህቷ፣ ማለትም ከአክስቴ ጋር፣ ከእናታቸው በቀረ አንድ ቁም ሣጥን የተነሳ ከተኳረፈች ዘመናት አልፈዋል፤ በቤታችን የአክስቴ ስም ከተነሳ ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ታዲያ በቅርቡ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ድንገት፣ "ያን መጽሐፍ ፈልግልኝ፤ ታናሽየዋ ይቅር ተብላ እንደሆነ ልወቅና ከዚያ የራሴን አስባለሁ" አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት፤ የሚከብዳትን ነገር ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲሞክርላት ትፈልጋለች። ስለዚህ ወደ ገበያዎ መጣሁ፤ ለተደረገልኝ መስተንግዶም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ የማደንቀው የአባላትዎን ፊት የማንበብ ችሎታ ነው። የሚሸጡትን መጽሐፍ ገልጠው ባያውቁም የሰውን ፊት ግን እስከ ግርጌ ማስታወሻው ድረስ ያነቡታል። እግሬ እስኪቀጥን ዞሬ መጽሐፉን ከአንድ ክምር ላይ ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ነጋዴው፣ ጓደኞቹ "ሙጫው" የሚሉት ሰው፣ ፈገግታዬን አይቶ የጠራልኝን ዋጋ የጎረቤቱ ነጋዴ እንኳ ሰምቶ ደነገጠ። አይጥ የቀመሰው መጽሐፍ ነው ብዬ ብከራከር፣ "አይጥም እኮ የሚጥመውን ያውቃል" አለኝ።

2ኛ. መጽሐፎቹ ሁሉ በገመድ መታሰራቸውንና "የተፈታ ተሸጠ" የሚለውን ሕግዎን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ፤ ገዢ ውስጡን ሊያይ ገመዱን ከፈታ መግዛቱ ግዴታ ስለሆነ ማንም አይፈታም። ሙሉ መሆኑን ብጠይቀው ሙጫው እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ "እናቴ ትሙት፣ ሙሉ ነው!" ብሎ ማለልኝ። እናቱ ከሞቱ መቆየታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

3ኛ. ቤት ወስጄ አነበብኩላት። እናቴ በልጅነቷ ያወቀቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየተቀበለች፣ አንዳንዴም ዓረፍተ ነገሩን ከእኔ ቀድማ እየጨረሰች ሰነበተች። በመጨረሻ ታናሽየዋ እህት በዝናብ ተጉዛ ከታላቋ ደጃፍ ደረሰችና ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ገጹን ስገልጥ ያገኘሁት የጀርባውን ሽፋን ነው። የአባላትዎ ጥበብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወፍራሙን መጽሐፍ በቢላ ለሁለት ይከፍሉና የኋላ ሽፋኑን ነቅለው በፊተኛው ግማሽ ላይ ይለጥፉታል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አንባቢው ልቡ ተንጠልጥሎ እስኪመለስ ይጠብቃል። እናቴ "ቀጥል እንጂ" አለችኝ። የምቀጥለው አልነበረኝም። ክቡር ሆይ፣ የሚያቅለሸልሸኝ ማጭበርበሩ ብቻ አይደለም፤ ቢላው የሚያርፍበት ቦታ መመረጡ ነው። ከላይ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም ያልኩትን በይፋ መልሼ እወስዳለሁ። ያን መጽሐፍ አንድ ሰው በደንብ አንብቦ፣ የት ጋ ቢቆረጥ ይበልጥ እንደሚያም አውቆ ቆርጦታል። ሥጋ ሻጭ እንኳ ቢላውን የሚያነሳው በሬው ከሞተ በኋላ ነው።

4ኛ. በማግስቱ ስሄድ ሙጫው ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠበቀኝ። "ያ እኮ ክፍል አንድ ነው ወንድሜ፤ ክፍል ሁለት ራሱን የቻለ ዕቃ ነው" አለኝ። ዋጋው ለምን እንደ በለጠ ብጠይቀው፣ "መጨረሻ ምንጊዜም ውድ ነው" ሲል አስተማረኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ገዛሁት፤ እሱም በገመድ የታሰረ ስለነበር ሕግዎን አክብሬ ሳልፈታው ቤቴ ገባሁ። ማንበብ ስጀምር አንድ ጢማም የመርከብ አዛዥ ስለ ጨው ጭነት ከሠራተኞቹ ጋር ይጨቃጨቃል። ምናልባት ደራሲው ዞሮ ይመለሳል ብዬ ቀጠልኩ። እናቴ በጨዋነት ስታዳምጥ ከቆየች በኋላ፣ "ልጄ፣ ይቺ ልጅ ጢም ያበቀለችው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ፊቷን ሳይ ግን በሳቄ አፈርኩ።

5ኛ. ይህኛው ስለ ራስዎ ነው። አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስላቀረቡልኝና ሻይዎን እየጠጡ አቤቱታዬን ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉልኝ አመሰግናለሁ። "ማኅበሩ በደንበኛና በአባል መካከል ጣልቃ አይገባም" ያሉትን አልረሳሁትም። የጠረጴዛዎ አንድ እግር አጥሮ ኖሮ ከሥሩ ሽፋን የሌለው ወፍራም ግማሽ መጽሐፍ ተወትፏል። የትኛው እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ስል እግርዎን ዘረጉበት። ከዚያ ቢሮ የወጣሁት እጄን መታጠብ እየፈለግሁ ነው።

ሌላ መላ ሲጠፋኝ የመርከቡን አዛዥ ገጾች ፊቴ ዘርግቼ መጨረሻውን ከራሴ ፈጠርኩ። ታላቋ እህት ገና ሳይንኳኳ ሮጣ በሩን ከፈተች፣ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰምታኝ ራሷን ነቀነቀች። "ይህ ያንተ ነው። ታላቅ እህት እንዲህ ቶሎ በር አትከፍትም፤ እኔ አውቃታለሁ" አለችኝ። ቀጥላም ከዚህ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ፤ አክስቴ ያኔ ቀድማት ጨርሳው ነበር፤ መጨረሻውን እንዳትነግራት ጆሮዋን ደፍና የጮኸችው እናቴ ናት። "መኪናህን አስነሳ" አለችኝ።

ጣሪያው ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ በተሰቀለበት መኪናዬ ሄድን፤ እናቴ ግማሹን መጽሐፍ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። አክስቴ ደጃፍ ላይ ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው፤ ሻርፗን አስተካክላ ራሷ አንኳኳች። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያም "ማነው?" የሚል ድምፅ። እናቴም፣ "መጽሐፉን ያልጨረሰችው ነኝ" አለች። ኮቴው ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩ

ገበያዎ እንዲደምቅ፣ የአባላትዎ ቢላ እንዲዶለድም፣ ሙጫቸውም ከነጣሳው እንዲደርቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ ላይ የሚያቆይዎትን ጤና፣ ሕሊና ካለዎት ደግሞ እሱን የሚችሉበትን ብርታት ይስጥዎ እላለሁ።

ትሑት ደንበኛዎ፣
የመኪና መንዳት አስተማሪው

ማሳሰቢያ፦ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቱን ገልብጠው ከሆነ አይድከሙ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ያ ክፍል ሁለት ነው፣ ራሱን የቻለ ዕቃ። በገመድ አስሬ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጬልዎታለሁ፤ ዋጋውን መጥተው ፊትዎን ሳይ እነግርዎታለሁ።

ግልባጭ፦
ለእናቴና ለአክስቴ፣ በአንድ ፖስታ
አክስቴ ቤት