የቃሬዛው ደብተር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
የካቲት 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ቅዝቃዜውን እንዴት ቻለው? እናቴስ? እኔና ባለቤቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንዲያውም ደስታ ላይ ነኝ፤ ሳልናዘዝ ግን አልነግርዎትም።

ከጥምቀት ወዲህ የጠፋብዎትን የቅሬውን፣ የእድራችንን ደብተር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ሁሉ እንደገለበጡ፣ ምስኪኑን ጎረቤታችንን አምባዬንም እንደጠረጠሩት ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤና ደብተሩን የሚያደርስልዎት እሱ ነውና ይታረቁት።

ዩኒቨርሲቲያችን ለሚያሠራው የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ሕዝቡን የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ አጥኚ ተብዬ ነበር። ከአዋላጇ ከሰዒዳ ጋር ደሴ ዙሪያን ቤት ለቤት ዞርን። በዚህ ዓመት ከቤታችሁ ማን ታመመ የሚለውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሳል አሉ፣ ቁርጠት አሉ፣ ዓይን አሉ። ምጥ ያለ ሰው የለም። ሰዒዳ አንዷን እናት ደግማ ብትጠይቃት፣ ምጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው ብላ ሳቀችባት። እዚያው ተወልጄ ይህን መሳቴ እስካሁን ያናድደኛል። በእኔ ቁጥር የተነሳ ማዋለጃው ለመጨረሻው ዙር ግንባታ ተገፋ፤ ያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ያኔ ደብተርዎ ትዝ አለኝ። ቅሬው ቃሬዛ ባወጣ ቁጥር ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሸከመ፣ ማን እንደቀረ ይጽፉ የለ? እውነቱን ልንገርዎትና፣ ያንን ደብተር እጠላው ነበር። እህቴ አትጠገብ ምጥ ጠንቶባት ስታቃስት፣ እርስዎ ደብተሩን ይዘው ደጅ ቆመው የተሸካሚዎችን ስም ሲጠሩ ሰማሁዎት። እኔ ከእናቴ ጋር ቤት ቀረሁ፤ አትጠገብም ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ሰባት ዓመት ቂም ይዤብዎታለሁ። ልለምንዎት አፍ ስላጣሁ ሰረቅሁት።

ትናንት በሆስፒታሉ ግንባታ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ሐኪም ቁጥር አምጪ ሲሉኝ ደብተሩን ፊታቸው አኖርኩት። በስምንት ዓመት በቃሬዛ ከወጡት አርባ አንድ ሰዎች ሃያ ሰባቱ ምጥ የጠናባቸው እናቶች ናቸው። ገጽ በገጽ አነበቡት። ከዚያ ለመሐንዲሱ፣ ማዋለጃው በመጀመሪያው ዙር ይሠራ፣ ምድር ቤቱ ላይ ይሁን፣ ከበሩም ቃሬዛ ከነተሸካሚው የሚያሳልፍ መንገድ ይኑረው አሉት። ቀናቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ቤትም ተጨመረ። አሸነፍን፣ አባቴ። ሰዒዳ አልሐምዱሊላህ ብላ አቀፈችኝ፤ እኔ አለቀስኩ።

ስቆጥር ሳላነብ ያለፍኩትን የአትጠገብን ገጽ የገለጥኩት ከስብሰባው በኋላ ነው። የተሸካሚዎቹ ስም ሁሉ አለ፤ የእርስዎ የለም። አምባዬን ብጠይቀው፣ ከቤት እስከ መኪናው መንገድ የቃሬዛውን ፊት ለማንም እንዳልለቀቁ ነገረኝ። ስም የጠሩትም አንድ ሰው እንኳ እንዳይቀርባት ብለው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ በጥምቀት ወፈርሽ ስትለኝ ዝም ማለቴን አትቀየምብኝ። ለገንፎ የሚሆን ገብስ ታሰናዳ፤ ለግንቦት ልደታ ይድረስልኝ። እንዳትደነግጥ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት። ከቤቴ ሐኪም ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለእኔ ስም አይጠሩም፤ በእግሬ ገብቼ በእግሬ እወጣለሁ።

ያሳደገኝን እጅዎን አምላክ ያጽናልዎት፤ የልጅ ልጅ የሚያቅፉበት ያድርገው።

ያስቀየመችዎ፣ የምትወድዎ ልጅዎ